የሜብል አራተኛው ብየዳ

ክሬድሊ ሂዝ፣ እንግሊዝ
ኦክቶበር 4 ቀን 1992

ለምወድሽ የወንድሜ ልጅ ለሬይዊን፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ብርድ ሲመጣ ጉልበቴ ከማጉረምረሙ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አንቺንም በዚያ በኒውዚላንድ ምድር ከክፉ ነገር ሁሉ ይጠብቅልኝ።

ሞተር ሳይክላችን ሜብል ባለፈው ማክሰኞ በመርከብ ገባች። ፐርሲ ሆልትን መቼም በደብዳቤዬ ታውቂዋለሽ፤ ጋራዡን የሚያጋራኝ፣ ሆዱ ከራሱ ቀድሞ በር የሚገባው ሰውዬ። በእሱ መኪና ከወደብ አምጥተን ሣጥኑን ፈልቅቀን ስንከፍት፣ የፊት መብራቷን በቲማሩ ጋዜጣ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ሜብልን ትቼ ጋዜጣውን ማንበብ ጀመርኩ። የበግ ዋጋ፣ የራግቢ ውጤት፣ የጠፋች ድመት። የድመቷን ባለቤት ስም ሳይ የማውቃት ሴትዮ ሆነችና ድመቷ ተገኝታ ይሆን እያልኩ ሁለት ቀን አሰብኩ። ለካ ሰው ሃያ ሰባት ዓመት የኖረበትን አገር እንዲህ በትንሽ ነገር ነው የሚናፍቀው።

ፐርሲ ሜብልን ዞር ዞር ብሎ አያትና፣ «ባሕር አቋርጣ የመጣችው ይቺ ናት? አጥንቷ ብቻ እኮ ነው» አለኝ።

«አጥንቷን እይና ዝም በል» አልኩት።

አየና ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ታሪኳን ስተርክለት ዋልኩ። እኔና አባትሽ ከአንድ አሮጌ የእንግሊዝ ሞተር ተነስተን እንዴት እንደጀመርናት፣ አሞርዛተሯን አውልቀን ጥለን ኋላዋን ያለ ሞላ በደረቅ ቱቦ እንደሠራነው፣ እኔ ወደዚህ ስመለስ ሻንሲዋን የሚያገናኙት አራት ብየዳዎች ብቻ ቀርተው እንደነበር። ወንድሜ ሩበን ብቻውን መቀጠሉን፣ ሲሞትም ለእኔ መናዘዙን ነገርኩት። ሦስቱ ብየዳዎች እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርበው የተኙ ናቸው። ፐርሲ በጣቱ እየዳሰሰ፣ «ሰውዬው በያጅ ነበር ወይስ ልብስ ሰፊ?» አለ። ኮራሁ።

ከመቀመጫው ሥር በግራ በኩል ያለው አራተኛው ግን የማን ሥራ እንደሆነ እንጃ። ዶሮ የጫረው መሬት ይመስላል። አባትሽ መቼም እንዲህ ያለ ነገር ከጋራዡ አያስወጣም፤ ከታመመ በኋላ ለአንዱ ጀማሪ ሰጥቶት ይሆናል ብዬ ገመትኩ። አስተካክለዋለሁ። በጁን ወር ክበባችን ሜዳ ላይ ትርኢት አለው፤ በገዛ እጃቸው የሠሯቸውን ሞተር ሳይክሎች ይዘው ከየአገሩ የሚመጡት ሁሉ እዚያ ናቸው። ሜብልን እንዲህ ሆና አላቀርባትም። ከትርኢቱ በኋላ ቦሎ አወጣላትና ባርመዝ ድረስ እነዳታለሁ። እኔና አባትሽ በልጅነታችን በአንድ ሞተር ሳይክል ተፈናጥጠን ወደ ባሕሩ የወረድነው በዚያ መንገድ ነው።

ስለ ኑሮዬ ከጠየቅሽኝ፣ የድሮው የሰንሰለት ፋብሪካ ምንጣፍ መሸጫ ሆኗል። ባለፈው ሳምንት ዳቦ ስገዛ ልጅቷ «ከየት ነው የመጡት?» ብላ ጠየቀችኝ። ከዚህ ሁለት መንገድ አልፎ ነው የተወለድኩት ብላት አላመነችኝም። እዚያ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ «እንግሊዙ» ስትሉኝ ከረማችሁ፤ እዚህ ደግሞ ክበብ ውስጥ «ኪዊው» ነው የሚሉኝ። ጎረቤቴ ሚስስ ዳንክስ ብቻ ናቸው በስሜ የሚጠሩኝ፤ እሳቸውም የሚጠሩኝ ስለ ጩኸቱ ሊቆጡኝ ነው።

የሜብልን የመላኪያ ወረቀት ቅጂ ላኪልኝ። የአባትሽ ጋራዥ ተሸጠ ወይስ አልተሸጠም? ወሬ አትንፈጊኝ።

የሚወድሽ አጎትሽ
ሆራስ

*

ቲማሩ፣ ኒውዚላንድ
ኦክቶበር 18 ቀን 1992

ለምወድህና ለማከብርህ አጎቴ ለሆራስ፣

ሰላምታዬ በያለህበት ይድረስህ። እኔ ደህና ነኝ፤ የሱፍ መጋዘኑ ሥራም እንደ ወትሮው ነው። ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። ሌላውን ሁሉ ወደ ኋላ ላቆየውና አንድ ነገር ልለምንህ። እባክህ አራተኛውን ብየዳ አትንካው።

የጀማሪ ሥራ አይደለም። የአባባ ነው።

እጁ እንዴት እንደነበረ አልነገርንህም። በስልክ ስትደውል ማዳመጫውን እኔ ነበርኩ ጆሮው ላይ የምይዝለት፤ ለአንተ ግን «ደህና ነኝ፣ ትንሽ ድካም ነው» ነበር የሚልህ። እንዳትነግሪው ብሎ አስምሎኛል። ሦስቱን ብየዳዎች የሠራቸው ሳይብስበት ነው። አራተኛውን ሲጀምር ግን ሻይ እንኳ በሁለት እጁ ይዞ ግማሹን ጭኑ ላይ ነበር የሚያፈሰው። ሦስት እሑድ ፈጀበት። በመጀመሪያው እሑድ ኤሌክትሮዱ ቱቦው ላይ እየተጣበቀ አስቸገረው፤ እየነቀለ እንደገና፣ እየነቀለ እንደገና። ክንድህን ልደግፍልህ ብለው፣ «ከደገፍሽኝማ የአንቺ ሥራ ሆነ ማለት ነው፤ ሂጂና ቁጭ በይ» አለኝ። ሄጄ ቁጭ አልኩ። ያን ያህል የከበደኝ መቀመጥ በሕይወቴ የለም።

በሦስተኛው እሑድ ሲጨርስ ጓንቱን አውልቆ በአውራ ጣቱ ዳሰሰውና፣ «ሆራስ ሲያየው ይስቃል። ይሳቅ። ስቆ ሲጨርስ የማን እንደሆነ ያውቀዋል» አለ። በሞረድ እንዲስተካከል ጠይቄው ነበር፤ እንዳይነካ አለኝ።

ከሜብል ጋር ወረቀት ያላያያዝኩት ለዚህ ነው። የወንድምህን እጅ ታውቀዋለህ ብዬ ነው። ጥፋቱ የእኔም ነው።

አሁን የምለምንህ አንድ ፎቶግራፍ ነው። ብዙ ፎቶ አንስቼ ሣጥን ሲዘጋ ነው ትዝ ያለኝ፤ ያቺን ቦታ አላነሳኋትም። ቀረብ ብለህ አንሳልኝና ላክልኝ፤ አልጋዬ አጠገብ አደርገዋለሁ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ አባባ ብቻ ነበር የቀረኝ።

ለቀብሩ አለመምጣትህን አታንሳው። ሥራ እንደያዘህ ነግረኸናል፤ ተረድተናል። ወረቀቱ ተያይዟል። ጋራዡን ሁለት ሰዎች መጥተው አይተውታል።

እግዚአብሔር ይጠብቅህ።
የወንድምህ ልጅ
ሬይዊን

*

(ይህ ደብዳቤ በጊዜው አልተላከም)

ክሬድሊ ሂዝ
ኦክቶበር 31 ቀን 1992

ሬይዊን፣ ልጄ፣

ቆርጬዋለሁ።

ደብዳቤዬን በላክሁ በዚያው ሳምንት፣ ዓርብ ዕለት ቆረጥኩት። እስክትመልሺ አልጠበቅሁም፤ ምን ልጠብቅ? አስተካክላለሁ ያልኩሽ እኮ ልጠይቅሽ አልነበረም፣ ልነግርሽ ነው። አዲስ ቱቦ ገጥሜ በየድኩት። እንዴት አምሮ እንደወጣ ብታዪ። ፐርሲን ጠርቼ አሳየሁት። ክበቡ ውስጥ አወራሁለት። ያንን አስቀያሚ ነገር እንዴት እንዳስወገድኩት አሥር ለሚሆኑ ሰዎች ቢራ ይዤ እያሳቅሁ ተረኩላቸው።

የቆረጥኩትን ቁራጭ ፐርሲ ለቁራሌው ሰጥቶታል። ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ወደ ሰውዬው ግቢ ሄድኩ። የሳምንቱ ብረት ወደ ማቅለጫ ሄዷል አለኝ። ቢሆንም ክምሩን ስፈትሽ ዋልኩ።

የወንድሜን እጅ አላወቅሁትም። ሠላሳ ዓመት አብሬው የበየድኩት ሰውዬ፣ ከአንድ ሳህን የበላሁት ሰውዬ። እኔ የማውቀው ጥሩ ሲሠራ ብቻ ኖሯል።

እንዴት እንደምጽፍልሽ

*

ክሬድሊ ሂዝ
ዲሴምበር 6 ቀን 1992

ለውድ የወንድሜ ልጅ ለሬይዊን፣

እንደምን ከርመሻል? መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ ቀጥሎ ደግሞ ሚስስ ዳንክስ ወድቀው እጃቸው ተሰብሮ እሳቸውን ሐኪም ቤት ሳመላልስ ከረምኩ። ትናንት ግራጫ አተር በቤከን ሠርተው አበሉኝ፣ በአንድ እጃቸው። ቤከኑን እኔ ከተፍኩ። አባትሽ ያንን ምግብ እንዴት ይወድ እንደነበር ነገርኳቸው፤ ልጅ ሆኖ እንደሚያስታውሱት፣ ከአጥራቸው ላይ ዘልሎ እንደወደቀ አጫወቱኝ።

ዝናብ ነው። ባለፉት ሦስት ሳምንታት ፀሐይ አንድ ቀን ታይታ እሷም ተሳስታ የወጣች ነው የሚመስለው። ጋራዡ እየጨለመ ስለሆነ ሥራ እምብዛም አልሠራንም። ለወረቀቱ አመሰግናለሁ።

ስለ ፎቶግራፉ፣ እኔ ካሜራ የለኝም፤ የፐርሲ ደግሞ ተበላሽቷል። ሲገኝ እልክልሻለሁ። ሜብል ደህና ናት፤ በብርድ ልብስ ሸፍኛታለሁ።

መልካም ገና ይሁንልሽ። ባሕር ዳር ወርደሽ ለእኔም እግርሽን ንከሪልኝ፤ እዚያ በጋ ነው።

አጎትሽ
ሆራስ

*

ቲማሩ
ጃንዋሪ 10 ቀን 1993

ለምወድህ አጎቴ ለሆራስ፣

አዲሱ ዓመት የጤናና የሰላም ይሁንልህ። ለሚስስ ዳንክስም እጃቸውን ይማርልኝ በልልኝ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የተጠቀለለውን ስትከፍት አትሳቅ። ካሜራ ነው። ፊልሙ ውስጡ አለ፤ ሃያ አራት ጊዜ ያነሳል፤ መብራትም አለው፤ ስለዚህ ጋራዡ ቢጨልምም ግድ የለም። ቁልፉን መጫን ብቻ ነው። ሃያ ሦስቱን የፈለግከውን አንሳበት። ፐርሲን፣ ሆዱን፣ ዝናቡን። አንዱን ለእኔ።

አጎቴ፣ አንድ ነገር ደብቀኸኝ እንዳልሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። በደብዳቤህ ውስጥ ስለ ብየዳው አንድ ቃል አጣሁ። ያንን ሁሉ ስለ አባባ እጅ ጽፌልህ አንድ ቃል እንኳ። መጻፍ ከብዶህ ይሆናል፤ እኔም ስጽፍልህ ከብዶኝ ነበር። እንደዚያ ከሆነ ምንም አትጻፍ፣ ፎቶውን ብቻ ላክልኝ።

የምታከብርህ
ሬይዊን

*

ክሬድሊ ሂዝ
ማርች 14 ቀን 1993

ለውድ ሬይዊን፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ካሜራው በደህና ደርሷል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፎቶውን ይኸው ልኬልሻለሁ። ከመቀመጫው ሥር በግራ በኩል ያለው ነው። መብራቱ ትንሽ አንጸባርቆበታል፤ ዝገት እንዳይዘው ዘይት ቀብቼው ስለነበር አዲስ ሊመስል ይችላል። እንደነገርሽኝ አልነካሁትም። ሁለተኛው ፎቶ ፐርሲ ነው፤ ሳንድዊች ሲበላ ሳያውቅ ነው ያነሳሁት።

እንግዲህ ልብሽ ይረፍ።

አጎትሽ
ሆራስ

*

ቲማሩ
ኤፕሪል 4 ቀን 1993

ለሆራስ ትራንተር፣

ፎቶው ደርሶኛል። ሦስት ቀን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ አየሁት። ማመን ፈልጌ ነበር።

ይህ የአባባ ብየዳ አይደለም። አስቀያሚነቱ እውነት ነው፤ ግን እኩል የተበላሸ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ልክ ነው የተንጋደደው። አባባ እጁ የት ቦታ ላይ እንደሚከዳው አያውቅም ነበር። ይህን የሠራው ሰው ግን ያውቃል። ደግሞ የአባባው አራት ቦታ ላይ ቆሞ የተቀጠለ ነው፤ አራት ጊዜ ነው ያረፈው። አጠገቡ ተቀምጬ ቆጥሬያለሁ። የአንተ አንድም ቦታ አልቆመም።

ቆርጠኸዋል ማለት ነው። መቼ? ደብዳቤዬ ሳይደርስህ ከሆነ ጥፋት ነው፤ ሰው ያጠፋል። ከደረሰህ በኋላ ከሆነ ግን ምን እንደምል አላውቅም። ቁራጩስ የት አለ?

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርህ፤ ይህን እንዳትነግሪው ብሎ ያስማለኝ ሰው የለምና። ለቀብሩ ሥራ ያዘኝ ብለህ ስትደውል፣ ያ ሳምንት እንግሊዝ ውስጥ የበዓል ሳምንት እንደነበር መጋዘኑ ውስጥ የሚሠራ እንግሊዛዊ ነግሮኛል። ለማንም አላወራሁም። ውሸትህን ተሸከምኩልህ። ሁለተኛውን ግን አልችልም።

ሬይዊን

*

ክሬድሊ ሂዝ
ኤፕሪል 20 ቀን 1993

ሬይዊን፣

ሰላምታ ሳታስቀድሚ የጻፍሽልኝ የመጀመሪያ ደብዳቤ ነው። ይገባኛል።

ባለፈው ኦክቶበር ጽፌ ያልላክሁትን ወረቀት በዚህ ፖስታ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። መሃል ላይ ነው የሚቆመው። መቼ እንደቆረጥኩት፣ ቁራጩም የት እንደገባ እዚያ ላይ አለ። ደብዳቤሽ ሳይደርሰኝ ነው የቆረጥኩት። ያን ቀን እውነቱን ብልክልሽ ኖሮ ጥፋት ብቻ ነበር። ስድስት ወር አቆይቼ ክህደት አደረግሁት።

የፎቶው ነገር እንዲህ ነው። በፌብሩዋሪ ወር የራሴን ብየዳ ቆርጬ አወጣሁና አንቺ እንደነገርሽኝ አድርጌ ልሠራው ሞከርኩ። እጄ እምቢ አለኝ። አበላሻለሁ ብዬ ስነሳ ያምራል። ፐርሲ መጥቶ፣ «ምን እየሠራህ ነው?» አለኝ።

«እያበላሸሁ።»

«ኧረ ይኼ እኮ እኔ ተጠንቅቄ ከምሠራው ይሻላል። ምን ነካህ?»

ነገርኩት። «ይኼ ነገር አይበጅህም ኪዊ፤ ጽፈህ ንገራት» አለኝ። አልሰማሁትም። በግራ እጄ ያዝኩት። ኤሌክትሮዱ ተጣበቀብኝ፤ ነቅዬ እንደገና፣ ነቅዬ እንደገና። ሁለት ሰዓት እንኳ አልሞላኝም፤ ትከሻዬ ዛለ፤ ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ፤ ልወረውረው ፈለግሁ። ያኔ ነው ሦስት እሑድ ያልሽው የታየኝ። ወንድሜ እንዲያ ሲለፋ እኔ የት ነበርኩ? እዚሁ ነበርኩ። የማላውቀውን ሰው የሞተር ማርሚታ በጨርቅ ሳሻሽ ነበር።

ቀብሩን በተመለከተ ሥራ አልያዘኝም። ሻንጣዬን ሸክፌ ነበር። ሁለት ቀን በሩ አጠገብ ቆሞ እያየሁት አለፍኩ፤ በሦስተኛው ቀን ልብሱን አውጥቼ መልሼ ሰቀልኩት። በ1989 ልመለስ ስል አባትሽ፣ «ሜብልን ጨርሰናት ሂድ፤ አራት ብየዳ ነው የቀረው፣ አንድ ወር ቢፈጅ ነው» ብሎ ለምኖኝ ነበር። ሰው ለምኖ የማያውቀው ሩበን። እኔ ክረምት ሳይገባ ልድረስ ብዬ እምቢ አልኩት። ምን ክረምት? እዚህ ክረምት ካልሆነ ምን አለ? ለቀብሩ ከመጣሁ ከጋራዡ በር ፊት ለፊት መቆም ሊኖርብኝ ነው። ያንን ፈራሁ። እንደዚያ ያለ ትንሽ ሰው ነኝ።

ከፈለግሽ ሜብልን በራሴ ወጪ እመልስልሻለሁ። ለትርኢቱ አስመዝግቤያት ነበር፤ ስሟን አስፍቄዋለሁ።

ይቅርታ ልጠይቅሽ ይገባኛል፤ ግን ቃሉ አነሰብኝ።

ሆራስ

*

ቲማሩ
ጁላይ 18 ቀን 1993

ለአጎቴ ለሆራስ፣

እንደምን ከረምክ?

ሦስት ወር ዝም ያልኩት መጀመሪያ ልቀጣህ ብዬ ነበር። ስድስት ወር አስጠብቆኛል፣ እሱም ይጠብቅ አልኩ። በኋላ ግን ቁጣው እየቀነሰ ሲሄድ የምጽፈው ጠፋብኝ። ጋራዡ ተሸጧል። ገዢዎቹ ሥጋ ማቀዝቀዣ አስገብተውበታል። የአባባን ብረት መያዣ ሞርሳ ከጠረጴዛው ላይ መንቀል አቅቷቸው ጠርተውኝ ሄጄ ነቀልኩላቸው፤ የሚፈታው ወደ ተገላቢጦሽ ነው።

ሜብልን አትመልሳት። አባባ የሰጣት ለአንተ ነው፤ ባርመዝ ድረስ ንዳት ያለውም አንተን ነው። ፎቶም አልፈልግም። የላክኸውን ግን አልጣልኩትም። ለምን እንደሆነ ራሴን አልጠየቅሁም፣ አንተም አትጠይቀኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ ነው የጻፍኩት። አባባ ብየዳውን ከጨረሰ በኋላ አስቀያሚነቱ አላሳሰበውም፤ ያሳሰበው ሌላ ነው። አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ከላይ የሚታየው መልኩ ነው፤ ብረቱ ከብረቱ ጋር እስከ ውስጥ ድረስ መያያዙ ግን ካልተቆረጠ አይታይም። በእንቅልፍ ልቡ እንኳ ይጠይቀኝ ነበር። «ሬይዊን፣ ገብቶ ይሆን? ወይስ ላይ ላዩን ነው የለጠፍኩት? ሆራስ መንገድ ላይ ቢለቅበትስ?» ይለኛል። እኔ «ገብቷል አባባ፣ በደንብ ገብቷል» እለዋለሁ። ምን አውቄ? ዝም ብዬ ነው። እንግዲህ እኔም ዋሽቻለሁ፤ ያውም ለሚሞት ሰው። አምኖኝ ይሁን አዝኖልኝ ሳላውቅ ሄደ።

አንተ ቆርጠኸዋል። በዓለም ላይ ውስጡን ሊያይ የቻለ ሰው አንተ ብቻ ነህ። ገብቶ ነበር ወይ?

እውነቱን ንገረኝ። አልገባም ብትለኝም እችለዋለሁ። የማልችለው ሌላ ውሸት ነው።

ሬይዊን

*

ክሬድሊ ሂዝ
ኦገስት 1 ቀን 1993

ለምወድሽ የወንድሜ ልጅ ለሬይዊን፣

ጤናሽን አብዝቶ ይስጥሽ። ደብዳቤሽ ሐሙስ ነው የደረሰኝ። ለፐርሲ አነበብኩለት። «ገብቷል በላትና ገላግላት፤ ምን ይጎዳሃል?» አለኝ። እንደዚያ ብዬ ጽፌ ነበር። «ልጄ፣ እስከ ውስጥ ገብቷል፣ እንደ ወርቅ ነበር የሚያበራው» የሚል ሙሉ ገጽ ጻፍኩ። ቆንጆ ደብዳቤ ነበር። ቀደድኩት።

እውነቱ ይኸውልሽ። አላየሁም። ቆርጬ ሳወጣው ቁራጩን ገልብጬ ውስጡን ማየት የሁለት ሴኮንድ ነገር ነበር። ማንም በያጅ ያደርገዋል፤ አባትሽ ቢሆን የጠላቱንም ብየዳ ገልብጦ ያይ ነበር። እኔ ግን ንቄዋለሁ። የናቁትን ነገር ማን ውስጡን ያያል? ሳላየው ቆርቆሮው ውስጥ ወረወርኩት። አንቺ ስትጠይቂኝ ነው የጣልኩት ብረት ብቻ እንዳልነበረ የገባኝ፤ የወንድሜን ጥያቄ ከነመልሱ ነው የጣልኩት። ይህንን ደግሞ የሚመልሰው የለም። እስክሞት ይቆጨኛል።

ሌላ የማውቀው አንድ ነገር አለ፤ ያን ቀን ስቆርጠው የሆነ ነገር። አንቺ ስትጠይቂኝ ነው ትርጉሙን ያሰብኩት። ግን ከእኔ አፍ ብትሰሚው ለማመን ምክንያት የለሽም፤ ሁለት ጊዜ ዋሽቼሻለሁ። ፐርሲ ያን ቀን አጠገቤ ነበር። ወረቀቱን ለእሱ እሰጠዋለሁና ያየውን በራሱ እጅ ይጽፍልሻል። እኔ አጠገቡ እንዳልሆን ሚስስ ዳንክስ ጋ እሄዳለሁ።

አጎትሽ
ሆራስ

*

ለሬይዊን፣

ጽሑፍ አልችልበትም፤ ስህተቱን እለፊው። የሳንድዊቹ ሰውዬ ነኝ።

አጎትሽ ያን ዓርብ በብረት መቁረጫ ዲስክ እየቆረጠ ግማሽ ሲደርስ ዲስኩ አለቀ። ሌላ ዲስክ ከሱቅ መምጣት ነበረበት፤ ዝናብ ነው፣ ሰነፈ። «እንዲህ ያለ ብየዳማ በአንድ ምት ይለቃል» አለና ትልቁን መዶሻ አነሳ። መታው። ምንም የለም። እንደገና መታው። እኔ በርሜል ላይ ተቀምጬ መቁጠር ጀመርኩ፣ ልስቅበት ብዬ። አሥራ አንድ ጊዜ። ፊቱ ደም መስሎ፣ «ምን ዓይነት ቱቦ ነው ይኼ?» እያለ ይሳደባል። በመጨረሻ ተሸንፎ በዝናብ ሄዶ ዲስክ ገዝቶ መጣ።

ለምን አዲስ ቱቦ እንደገጠመ ነግሮሽ እንደሆነ አላውቅም። አሮጌው ስለጎበጠ ነው። እኔም በያጅ ነኝ፤ ላይ ላዩን የተለጠፈ ብየዳ እንዴት እንደሚለቅ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ይኼኛው ግማሹ ተቆርጦ፣ በግማሹ ብቻ ነበር የያዘው። ቱቦው ጎበጠ፤ የአባትሽ ብየዳ ግን ንቅንቅ አላለም።

ፐርሲ ሆልት